ለጉዞ ዓምዳችሁ፦ ከፓሪስ በስተሰሜንም አገር አለ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የጉዞ ዓምዳችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ጋዜጣው ደብረ ማርቆስ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንዳንዴ ሁለት እትም በአንድ ላይ አነባለሁ፤ ቢሆንም አያመልጠኝም። በቅርቡ ልጆቻቸው ፈረንሳይ ላሉና ጥየቃ ለሚሄዱ ወላጆች ምክር አውጥታችሁ ነበር። ኤፍል ማማ፣ ሉቭር፣ ቬርሳይ፣ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ መዞር። ሰሜኑ የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ብርድና ዝናብ እንጂ የሚታይ ነገር የለውም፣ ያለውም የጦርነት መቃብር ነው ይላል። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ጸሐፊያችሁም አላዩትም ማለት ነው። እኔ አይቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዝናቡ። ለጎጃም ሰው ዝናብ ይወራለታል እንዴ? ሐምሌ ላይ ከጮቄ የሚወርደውን ዶፍ የለመደ ሰው ለዚያ ካፊያ ጃንጥላም አይዘረጋ። ብርዱ ግን እውነት ነው፤ በተለይ ባሕሩ ዳር። ነሐሴ ላይ ጋቢ ያስፈልጋል። ጋቢዬን ተከናንቤ አሸዋው ላይ ስቀመጥ መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየኝ ነበር። እኔም አየኋቸው፤ በዚያ ብርድ ራቁታቸውን ውሃ ውስጥ ይገባሉ።

እኔ ጥልፍ ጠላፊ ነኝ። የሐበሻ ቀሚስ እሠራለሁ፤ ለአብያተ ክርስቲያናት መጋረጃና የካህናት ካባ እጠልፋለሁ። ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ነው። ልጄ ሊል በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ትኖራለች። ባሏም የኛው ሰው ነው፣ የቢቸና ልጅ። ስትወልድ ላርሳት ሄድኩ። ገንፎዋን አብልቼ፣ ክርስትናውም ተነስቶ ሲያበቃ አማቼ የዓመት ፈቃዱን ወሰደ። «እማማ፣ ፓሪስን ላሳይዎት?» አለኝ። ልጄ አቋረጠችው። «እማዬን ባለ እጅ የሠራው ነገር ያለበት ነው የምንወስዳት፤ ፓሪስ የትም አይሄድም» አለች። ልጄ ታውቀኛለች። መኪና ተከራየን፤ ሕፃኑን ከኋላ አስረን ወጣን።

(የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊል ራሷ የድሮ ነጋዴዎች ከተማ ናት። በ1653 የተሠራው የነጋዴዎች መገበያያ አደባባዩ ላይ እስካሁን ቆሟል። ግቢው ውስጥ ያገለገሉ መጻሕፍት ይሸጣሉ፣ ሽማግሌዎች ቼዝ ይጫወታሉ። ደስ ይላል፤ ግን እኔን የያዘኝ ከሊል በሜትሮ የሚደረስባት ሩቤ ናት። ሩቤ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1932 ለሕዝቡ ትልቅ መዋኛ ተሠራላት፤ ቤቱ መታጠቢያ የሌለው ሠራተኛ ገላውን የሚታጠበውም እዚያው ነበር። በ1985 ተዘጋ። ሌላ አገር ቢሆን አፍርሰው ፎቅ ይሠሩበታል። እነሱ በ2001 የሥነ ጥበብ ሙዚየም አድርገው ከፈቱት። ውሃው እስካሁን መሐሉ ላይ አለ፤ ግራና ቀኝ ሐውልቶች ተደርድረዋል። ግድግዳው ጫፍና ጫፍ ላይ እንደ ፀሐይ የተሠሩ ባለ ቀለም መስኮቶች አሉ። አልፎ አልፎ ከድምፅ ማጉያ የሚዋኙ ልጆች ጫጫታ ይለቀቃል፤ ልጁ ደንግጦ አለቀሰብን።

እዚያ የጨርቅ ናሙና መዛግብት አሉ። የከተማዋ ፋብሪካዎች ያመረቱት ጨርቅ ቁራጭ ቁራጩ ተለጥፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት በደብተር ተቀምጧል። ለተመልካች የሚታየው ጥቂቱ ነው። እኔ ያን ቆሜ ሳይ አማቼ ሥዕሉን ዞሮ ጨርሶ፣ ቡና ጠጥቶ ተመለሰ። የእናቴን የጥልፍ ናሙናዎች ያስቀመጠልኝ የለም። ያገቡ ሙሽሮች ለብሰውት አለቀ።

ከዚያ ወደ ባሕሩ። ካሌ የእንግሊዝ ቅርብ ወደብ ናት። ሰው የሚያውቃት በመርከቧና ከባሕሩ ሥር በሚያልፈው ባቡር ነው። እኔ የሄድኩት ለዳንቴል ሙዚየሟ ነው። የድሮ የዳንቴል ፋብሪካ ውስጥ ነው ያለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኖቲንግሃም የሚባል የእንግሊዝ ከተማ ባለሙያዎች ማሽናቸውን በድብቅ አሻግረው ካሌ ገቡ። ማሽኑን ከእንግሊዝ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሌ በዳንቴል ከበረች። ማሽኖቹ እስካሁን ይሠራሉ፤ አንዱን አስነስተው አሳዩን። ቤት የሚያክል ብረት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ይገቡበታል፣ ቀዳዳ የተበሳባቸው ካርቶኖች አበባውን ያዙታል። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የሚወጣው እፍ ቢሉት የሚበር ነገር ነው። ያስነሳልን ሰው ሙሉ ዕድሜውን በዚያ ማሽን ላይ የኖረ ሽማግሌ ነው። ልጄ እያስተረጎመች እጄን አሳየሁት፤ መርፌ የቆረቆረውን ጣቴን። እሱም የእሱን አሳየኝ። ሌላ ወሬ አላስፈለገንም።

ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዘግተዋል። ርካሽ ዳንቴል ከሩቅ ምሥራቅ ሲገባ የካሌው ገበያ ጠፋ። ይህን ታሪክ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይም ታገኙታላችሁ። የእኛን ጥለት በማሽን አትመው ያመጡልናል፤ ሦስት ሳምንት የሚፈጀኝን ቀሚስ በእጥፍ አሳንሰው ይሸጡታል።

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ሮዳን የሚባለው ቀራፂ የሠራው ሐውልት አለ፤ በ1895 የቆመ። በ1347 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ከተማዋን ከቦ ለአንድ ዓመት ገደማ ካስራባት በኋላ ስድስት ታላላቅ ሰዎች የከተማዋን ቁልፍ ይዘው ይምጡ አለ። ሊሰቅላቸው ነው። ወጡ። ንግሥቲቱ ለምና አስማረቻቸው ይላል ታሪኩ። ሮዳን የሠራቸው ሲወጡ ነው፤ ምሕረቱን ገና ሳያውቁ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ገመድ አለ። ጀግና ጀግና አይሉም። አንዱ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። የእግራቸውን ጣት ተመልከቱ፤ መሬቱን ቆንጥጦ የያዘ የገበሬ እግር ነው። እንዲህ ያለ ሐውልት አይቼ አላውቅም።

ስለ ካሌ ሌላውን ነገር ካልጻፍኩ ውሸታም እሆናለሁ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ የእኛ ልጆች አሉ። የኤርትራም፣ የሱዳንም፣ የአፍጋኒስታንም አሉ። በጀልባ ወደ እንግሊዝ ለመሻገር የሚጠብቁ ናቸው። ነጠላዬን አይቶ አንዱ ቀረበኝ። «እናቴ፣ ከየት ነዎት?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ፤ እሱ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። ያዘልኩትን ዳቦ ቆሎ ሁሉ ሰጠሁት። አትሂድ አልኩት፤ ምን ሌላ ይባላል? «እሺ» አለኝ፣ ልጆች እናታቸውን እሺ እንደሚሉት። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ብላን ኔ የሚሉት ነጭ ገደል አለ። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር የእንግሊዝ ጠረፍ ወለል ብሎ ታየን፤ እሱም ነጭ ነው። በጣም ቅርብ ይመስላል። 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን የሚበላው ሰው ብዙ ነው። ውብ ቦታ ነው፤ ሂዱ እላለሁ። እኔ ግን ብዙ አልቆየሁም።

ስለ ምግብ ልንገራችሁ፣ ምክራችሁ ላይ ይህ የለም። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የሰሜን ሰው ቀለቡ የተጠበሰ ድንች ነው። ድንች ጾም ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልጄ ግን «ቆይ እማዬ» ብላ ሻጩን ጠየቀችው። ድሮ እንደለመዱት በበሬ ሞራ ነው የሚጠበሰው! በዘይት የሚጠብስም አለ፤ ግን ሳትጠይቁ አትብሉ። ሌላው ዝነኛ ምግባቸው በድስት ተቀቅሎ የሚቀርብ ጥቁር ቅርፊት ያለው የባሕር ነገር ነው። አማቼ «እኔም አልበላም» አለ። እኔ ባልኖር ምን ያደርግ እንደነበር እንጃ። ያዘልኩት በሶ ረዳኝ።

አሁን ወደ ካቴድራሎቹ። አሚየን በምትባል ከተማ ያለው በ1220 የተጀመረ ነው፤ ጣሪያው 42 ሜትር ከፍ ይላል። ሲያዩት አንገት ያማል። እዚያ የመጥምቁ ዮሐንስ የራስ አጥንት አለ ይባላል። በመስቀል ጦርነት ጊዜ በ1206 ከቁስጥንጥንያ የመጣ ነው። የእሱ ነው አይደለም የሚለውን ለሊቃውንት እተወዋለሁ፤ እኔ ተሳልሜዋለሁ። ከመቅደሱ ዙሪያ በስተሰሜን ታሪኩ በድንጋይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ይታያል። ሄሮድያዳ ማዕድ ላይ ጭንቅላቱን በቢላ ስትወጋ ሳይቀር አለ። ፊታችን ላይ ያሉ ሕንዶች ፎቶ ሲያነሱ እኔ አማተብኩ።

መሬቱን ማየት አትርሱ። ወለሉ ላይ በጥቁርና በነጭ ድንጋይ የተነጠፈ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። መሐሉ ላይ የጳጳሱና የሦስቱ ግንበኞች ምስል ተቀምጧል፤ ሮቤር ደ ሉዛርሽ፣ ቶማ ደ ኮርሞንና ልጁ ርኞ። ግንበኛ ስሙ ከጳጳሱ ጋር ቤተ መቅደስ መሐል! ሊቀ ጠበብት ነኝ ባይ ይህን ይየው። በበጋቸው ማታ ማታ ደግሞ በመብራት ፊት ለፊቱን ቀለም ያለብሱታል። ድንጋዩ ድሮ በቀለም የተቀባ ነበርና ያንኑ ቀለም በብርሃን ይመልሱለታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ እነሱም እንደኛ ቀለም የሚወዱ ነበሩ ማለት ነው።

ከሁሉም በልጦ ልቤን የወሰደው ግን ላን ነው። አገር የማያውቀው ትንሽ ከተማ ነው፤ ከሜዳው ላይ ብቻውን በቆመ ኮረብታ አናት ላይ ተቀምጧል። ካቴድራሉ ከሩቅ ይታያል። ቀና ብዬ ማማዎቹን ሳይ ከዓምዶቹ መሐል ቀንድ ያለው ነገር አንገቱን አስግጎ ቁልቁል ያያል። «ሰይጣን ነው?» አልኩ። ፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ላይ ጭራቅ መቅረጽ ይወዳሉና። አማቼ ስልኩን አውጥቶ አቀረበልኝ። በሬ ነው! አንድ አይደለም፣ አሥራ ስድስት ናቸው፤ በየማማው ጥግ ሙሉ በሬዎች ቆመዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ ሁሉ ከሜዳው ወደ ኮረብታው የተጎተተው በበሬ ነው። አንድ ቀን ዳገቱ መሐል አንዱ በሬ ደክሞ ወደቀ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሌላ በሬ ቀረበና ተጠመደ፤ ጭነቱን አናት ካደረሰ በኋላ ተሰወረ። ተአምር ብለው ጻፉት። ሠሪዎቹም ነገሥታትና ቅዱሳን በሚቆሙበት ቦታ ላይ በሬዎቹን አቆሟቸው። ይህ የሆነው ከ800 ዓመት በፊት ነው።

እኔ የገበሬ አገር ሰው ነኝ። ገበሬያችን በሬውን ስም አውጥቶ፣ ቦራ ወይኖ እያለ፣ እየዘፈነለት ነው የሚያርሰው። ይህን ቢያዩ ስንቶቹ ደስ ይላቸው ነበር። ዘወር ዘወር ብዬ ሁሉንም ቆጠርኳቸው። ቀንዳቸው ረጅም አይደለም። ጀርባቸው ላይ ሻኛ የላቸውም። ግን ዓይናቸው የሥራ በሬ ዓይን ነው። ከሥራቸው አረጋውያን ቱሪስቶች አይስክሬም እየላሱ ያልፋሉ፣ ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ከላን ስንመለስ ያለፍንበት ሶም የሚሉት አገር እውነትም የመቃብር አገር ነው። ያንንም ግን አትናቁት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 የተዋጉበት ሜዳ ዛሬ ስንዴና ስኳር ድንች የሚመስል የስኳር ተክል ነው የሚበቅልበት። ቲዬፕቫል የሚባለው መታሰቢያ ላይ ሬሳቸው ያልተገኘ ከ72,000 በላይ ወታደሮች ስም አንድ በአንድ ተቀርጿል። አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ጣታቸውን ስም ላይ አድርገው ቆመው ነበር። እኛ የማይጨውን ሟች እንዲህ ጽፈናል?

ኖርማንዲ ሲገባ አገሩ ለምለም ይሆናል። ሩዋን የፈረንሳይን ጦር የመራችውን ልጃገረድ ዣን ዳርክን በ1431 ያቃጠሉባት ከተማ ናት፤ አደባባዩ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶላታል፣ እኔ ግን አልወደድኩትም። የከተማዋን ካቴድራል ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ከ1892 ጀምሮ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሥሎታል። ያንኑ አንድ ግድግዳ! ጧት ሰማያዊ፣ ቀትር ላይ ነጭ፣ ሲመሽ ብርቱካን። የሠራው ፊት ለፊት ካሉ ቤቶች መስኮት ሆኖ ነው፤ አንዱ የሴቶች ልብስ መሸጫ ነበር። ሴቶቹ ልብስ ሲለኩ ሰውየው እዚያ ጥግ ተቀምጦ ሲሥል ታየኝና ሳቅሁ። የኔ ሱቅ ውስጥ ቢመጣ የት አስቀምጠው ነበር?

ኤትርታ ላይ ባሕሩ ነጩን የኖራ ገደል ቦርቡሮ በር አውጥቶበታል። ከጎኑ ሹል ዓለት ውሃው መሐል ብቻውን ቆሟል። ይህንንም ሞኔ ደጋግሞ ሥሎታል። ዳርቻው አሸዋ ሳይሆን ድቡልቡል ጠጠር ነው፤ ሞገዱ ሲመለስ ጠጠሩ ይንኳኳል። አንድ ጠጠር እንኳ ማንሳት ያስቀጣል፤ ገደሉን ከማዕበል የሚከላከለው እሱ ነውና። ጫማ የምትመርጡ ሰዎች፣ ጠጠሩ ላይ በተረከዝ ጫማ አይሞከርም።

ኦንፍሌር ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ናት። የሞኔ መምህር የነበረው ሠዓሊ ኧዠን ቡዳን በ1824 የተወለደው እዚያ ነው። ሞኔን ከቤት ወጥቶ ሰማይ ሥር እንዲሥል ያስተማረው እሱ ነው። ወደቡ ዳር ያሉትን ቀጫጭን ቤቶች ሁሉም ፎቶ ያነሳል። እኔ የምላችሁ ወደ ቅድስት ካተሪን ግቡ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋጉት የመቶ ዓመት ጦርነት በኋላ፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ፈለገ፤ ግንበኛ ግን አልነበረም። መርከብ ሠሪ ግን ሞልቷል። እነሱ ሠሩት። ሙሉው እንጨት ነው። ጣሪያው ሁለት የተገለበጡ መርከቦች ጎን ለጎን ነው፣ ምክንያቱም የሚያውቁት ያንን ነው። ዓምዶቹ የግራር ያህል ወፍራም የሆኑ የኦክ ግንዶች ናቸው። የምሳሩ ምት እንጨቱ ላይ ይታያል፤ በእጄ ዳሰስኩት። ደወሉ ሌላ ቤት ነው ያለው፣ ከመንገዱ ማዶ።

ሞን ሳን ሚሼልን የወደድኩት ለስሙ ነው፣ ሚካኤል ነውና። በባሕር መሐል ዓለት ላይ የተሠራ ገዳም ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ዙሪያው ጭቃ፣ ሲመለስ ውሃ። ግን ሕዝቡ! መንገዱ ጠባብ፣ ግፊያው የጥምቀት ነው። ከላይ አንድ ነገር አየሁ። ገዳሙ እስር ቤት ሆኖ በነበረበት ዘመን እስረኞች በእግራቸው እየረገጡ ዕቃ የሚጎትቱበት ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር አለ። ስለ መላእክቱ የሚናገሩት ሁሉ እዚያ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

ባዮ በምትባል የኖርማንዲ ከተማ ያለውን ጥልፍ ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለሱ ለማውራት ጊዜ ስለሚያስፈልገኝ ነው። 70 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ዘጠኝ ቁራጭ ተጋጥሞ። ኖርማኑ መስፍን ዊሊያም በ1066 እንግሊዝን እንዴት እንደያዘ በሱፍ ክር ተጠልፎበታል። የተሠራው ብዙም ሳይቆይ በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ጨለም ባለ ክፍል፣ በመስታወት ውስጥ ተዘርግቷል። ጆሮ ላይ አድርገው የሚያዳምጡት ማብራሪያ ይሰጣል፤ በአማርኛ አልነበረም። እኔ አላስፈለገኝም።

ቀለሙ ከሦስት ተክሎች ብቻ የወጣ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ተደራርቦ የመጣ ነው። አረንጓዴው ቢጫው ላይ ሰማያዊ ተነክሮ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዙሪያውን በቀጭን ስፌት ያወጡታል። ከዚያ ውስጡን ክር ጎን ለጎን ያስተኙና ይሞሉታል፤ በላዩ ሌላ ክር አቋርጠው ይዘረጋሉ፣ ያንን ደግሞ በትንንሽ መርፌ ይይዙታል። ክር ይቆጥባል። ከጀርባው ምንም አይባክንም። ድሃ ነበሩ ወይም ቆጣቢ ነበሩ። ፈረሶቹን ተመልከቱ። የፊቱ እግር በአንድ ቀለም፣ የወዲያኛው እግር በሌላ ቀለም ነው። ሰማያዊ ፈረስ፣ ቀይ እግር። ሞኝነት አይደለም፤ የትኛው ቅርብ የትኛው ሩቅ እንደሆነ በቀለም ብቻ ነገሩን። እኔ ለዓመታት ያስቸገረኝን ነገር እነዚያ ሰዎች በሁለት ክር ፈትተውታል።

ሁሉም ሰው ጦርነቱን ያያል። እኔ የታችኛውን ጠርዝ እዩ እላለሁ። አንድ ሰው ያርሳል። ሌላው ይዘራል። ሦስተኛው በፈረስ መሬቱን ያለሰልሳል። አጠገቡ አንድ ሰው ወንጭፍ ወዝውዞ ወፍ ያባርራል። ወንጭፍ! ማሳ ዳር ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የጠበቀ የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጮክ ብዬ «ውይ!» አልኩ፤ ጠባቂው ዞር አለ።

ሊቃውንቱ የሚሉት ሥራውን ያዘዘው የዊሊያም የእናቱ ልጅ ጳጳስ ኦዶ ሳይሆን አይቀርም፣ የጠለፉት ደግሞ እንግሊዝ አገር ያሉ እጆች ናቸው ነው። ብዙዎች ሴቶች ናቸው ይላሉ። የአንዳቸውም ስም የለም። ጨርቁ ላይ ከ600 በላይ ሰው ተጠልፏል፤ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የተጠገነበትንም ቦታ አይቻለሁ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገባው ክር ቀለሙ ይጮሃል። የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ ጠፍቷል። ያን ቦታ ሳይ አልተበሳጨሁም። እኔ ብሆን ምን እጠልፍበት እንደነበር እያሰብኩ ወጣሁ።

አሁን ሙዚየሙ ለእድሳት ተዘግቷል፤ ከመስከረም 2025 መጀመሪያ ጀምሮ። ጥልፉ በውሰት ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል፣ ባዮ የሚመለሰውም በ2027 ነው ተብሏል። ለአንባቢዎቻችሁ ይህንን ንገሯቸው፣ ሰው በከንቱ እንዳይለፋ።

አሁን ለምን ይህን ሁሉ ጻፍሽ ትሉኝ ይሆናል። አያቴ ሸማኔ ነበሩ። ሰው የሸመኑትን ይለብሳል፣ ለፋሲካ ይሽቀዳደምበታል፤ ልጁን ግን አይድርላቸውም ነበር። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ፋቂውን ሌላ ስም ስንል ነው ያደግነው። አጤ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ እኛ ሠፈር ሳይደርስ ብዙ ዘመን ቆየ። እኔን ራሴን ዛሬም «ጠላፊዋ» ይሉኛል እንጂ ስሜን የሚጠራ ደንበኛ ጥቂት ነው። ታዲያ በሬ ካቴድራል ላይ ሲወጣ አይቼ ዝም ብዬ ልመለስ?

ፓሪስ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ስንመለስ አሳልፈውኝ አይቼዋለሁ፣ ማማውም ረጅም ነው። ልጆቻችሁ ሊል ወይም ሩዋን ያሉ እናቶች ግን ሦስት ቀን ከሱቅ ላይ ቀንሱና ላንን እዩ። ጋቢ ያዙ። በሶ ያዙ። ባሕሩ ዳር ከመውረዳችሁ በፊት ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቁ፤ የሚመለሰው ቶሎ ነው።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። መንገዱ ሰላም ሲሆን አንድ ጋዜጠኛ ወደ እኛ ላኩ። የመርጡለ ማርያምን ፍርስራሽና የድንጋዩን ቅርጽ ያሳዩት፤ የዘጌን ሥዕሎችም። የደብረ ማርቆስን ሸማኔዎችና ጠላፊዎች እኔ አሳየዋለሁ። እስካሁን የመጡት ሁሉ የቀሚሱን ዋጋ ጽፈው ሄደዋል፤ ይህኛው የሠሪዎቹንም ስም ይጻፍ። አድራሻዬ ፖስታው ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጥልፍ ጠላፊ፣ ከደብረ ማርቆስ